ጥቁር አፈር ላይ መደብ ላንሳ ወይስ መሬቱ ላይ ልትከል?

ጥያቄው፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የማህበር ቤታችን ውስጥ ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። ከቤቱ ጀርባ 5 በ8 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለን። አፈሩ ጥቁር ነው። አምና ክረምት ድንችና ቆስጣ መሬቱ ላይ ተከልን። ነሐሴ ላይ ውሃ ተኛበትና ድንቹ እዚያው በሰበሰ፣ ቆስጣው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ በብሎኬት ሳጥን ሳጥን ሰርተን ቀይ አፈር በመኪና እናስደፋ ይላል። እናቴ ደግሞ አፈር ላይ ቆሞ አፈር መግዛት ምን የሚሉት ነው ትላለች። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጓሮው ግን የሷ ነው። የትኛው ይሻለናል? አንድ የአቮካዶ ችግኝም ገዝተን ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል።»

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። ባለቤትሽም ለአንዱ መደብ ልክ ነው፣ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። አሁን ግንቦት ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ብሎኬት ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር እንለይ። «ከፍ ያለ መደብ» ሲባል ሰው ሁሉ ሳጥን ይታየዋል። መደቡ ግን አፈሩ ነው፤ ሥር ከተኛው ውሃ በላይ ሆኖ እንዲተነፍስ ከፍ ተደርጎ የተከመረ አፈር። ሳጥኑ አፈሩ እንዳይናድ የሚይዝ ግድግዳ ብቻ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ከፍታ ደግሞ ጥቁር አፈር ግድግዳ አይፈልግም። ተጣባቂ ስለሆነ ጎኑን ትንሽ ጋደል አድርገሽ ካበጀሽው ራሱን ችሎ ይቆማል።

ይሄ ከውጭ በቪዲዮ የመጣ ፋሽን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ጥቁር አፈራቸውን በእጃቸው እያፈሱ መደብና ቦይ አውጥተው ስንዴ ሲዘሩ ኖረዋል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ተመራማሪዎች የሠሩት «ሰፊ መደብ ማውጫ» የተባለ መሣሪያም የኛኑ ማረሻ አሻሽሎ ያንኑ ሥራ በበሬ ለማሠራት ነበር። ስለዚህ አንቺ ጓሮ ውስጥ በዶማና በአካፋ የምትሠሪው ነገር እዚሁ አገር፣ እዚሁ አፈር ላይ የተፈተነ ነው። እኔ ይሄን የምደጋግመው መደብ የገንዘብ ጉዳይ ነው ብለው ጓሯቸውን ባዶ የሚተዉ ሰዎች ስለማይ ነው። ያሳዝነኛል።

አምና ምን እንደሆነ እንየው። ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ የሚለው፣ ሲርስ የሚያብጥ ሸክላ ነው። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ በኩል ግጥም አድርጎ ይጠጣል። ከዚያ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ዝናብ ወደ ታች መሄጃ የለውም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ፣ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ከባድ የነሐሴ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ያንቺ 40 ካሬ ላይ 1,200 ሊትር ይሆናል። 60 ጀሪካን! ያውም ከጣራው የሚወርደውን ሳንቆጥር።

ሥር አየር ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ለቀናት ሲቀመጥ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። አፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ውሃ በተኛበት ቦታ ወደ አየር ያመልጣል፤ ቆስጣሽን ቢጫ ያደረገው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ቢጫ ሲያይ ዩሪያ ይበትናል። አትበትኚ። ሥሩ ታፍኖ ምኑን ሊመገብ? መጀመሪያ ውሃው ይውጣ።

ስለ ድንቹ ግን አንድ ነገር አስታውሺ። መጀመሪያ የተበላሸው ቅጠሉ ነው ወይስ ድንቹ? ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳው ሙሉ እንደተቃጠለ ከሆነ፣ ያ በክረምት እርጥበትና ብርድ የሚመጣው የድንች በሽታ ነው፣ መደብ ብታነሺ ብቻውን አያድንሽም። ቅጠሉ ደህና ሆኖ ድንቹ ከሥር ከበሰበሰ ግን ጥፋቱ የውሃው ነው። በሁለቱም መንገድ፣ ዘንድሮ ክረምት ድንቹን ተዪው። የካቲት ላይ ተከዪው፣ በበልጉ ዝናብና በትንሽ ውሃ ይደርሳል።

አፈርሽን ሳላይ ብዙ እንዳላወራ፣ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ሥሪ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሪ። ውሃ ሙዪው። ሲመጥ እንደገና ሙዪና ሰዓት ያዢ። ከሞላሽው በኋላ 12 ሰዓት ሳይቆይ ከደረቀ አፈርሽ ከፈራሁት ይሻላል። በማግሥቱ ውሃው እዚያው ተኝቶ ካገኘሽው፣ ቀጥዬ የምልሽ ሁሉ ላንቺ ነው። ሲቆፈር ደግሞ ልብ በይ፤ የማህበር ቤቶች ግቢ ብዙ ጊዜ ከላይ ጥቁር አፈር ይመስልና ከሥሩ ገረጋንቲ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የብሎኬት ስባሪ ይወጣል። 20 ሳንቲ ሜትር ሳትደርሺ ዶማው ድንጋይ ድንጋይ ካለ፣ እዚያች ቦታ ላይ የባለቤትሽ ሳጥን ይሻላል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ያለው ክርክር የሚያልቀው በሂሳብ ነው። ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ራቂ። እርጥብ መደብ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ መሥራት በጥቁር አፈር አደገኛ ነው፣ መሠረቱ ሥር ያለው አፈር እያበጠና እየተሸበሸበ ቤቱን ይሰነጥቃል። ከአጥሩም በኩል ለቦይ ግማሽ ሜትር ተዪ። ከ5 ሜትሩ 3.5 ሜትር ርዝመት ይቀርሻል። በ8 ሜትሩ በኩል 1.2 ሜትር ስፋት ያላቸው አራት መደቦች፣ በመካከላቸው 50 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ እያደረግሽ፣ 6.3 ሜትር ይይዛሉ። 1.2 ያልኩት ከሁለቱም ጎን እጅ ዘርግተሽ መሐሉ ድረስ እንድትደርሺ ነው። የቀረው 1.7 ሜትር የእናትሽ ነው።

አራቱንም በብሎኬት ልሥራ ብትሉ፣ ሁለት ረድፍ ብቻ ከፍ ብታደርጉት እንኳን ከ200 በላይ ብሎኬትና ወደ 7 ሜትር ኩብ የሚሆን አፈር ትፈልጋላችሁ። በምትኩ ከመተላለፊያው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር አንሺና መደቡ ላይ ድፊው። መደቡ በ8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 5 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ ስትጨምሪበት፣ ከመተላለፊያው ወለል እስከ መደቡ ራስ ያለው ልዩነት ከ30 ሳንቲ ሜትር አለፈ ማለት ነው። መተላለፊያው ራሱ ቦይ ሆነ። ብሎኬት የለም፣ መኪና የለም። ያወጣሽው ለብስባሹ ብቻ ነው፣ እሱም ለአራቱም መደብ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ በማዳበሪያ ጆንያ ከ12 እስከ 15 ይሆናል።

ሰዎች ሁሌ የሚረሱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ቦዩ ወዴት ይሄዳል? መደብ አንስተሽ ቦዩን ጫፉ ላይ ካልከፈትሽው የሠራሽው የውሃ ገንዳ ነው። በ3.5 ሜትሩ ላይ ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይኑረው፣ አጥሩ ሥር ካለው ቦይ ጋር ይገናኝ፣ ከዚያ በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይውጣ። ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይሆን፣ አደራ። ቁልቁለቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ቤቱ በኩል ደፍተሽ ሲሄድ ተመልከቺው። የጣራው አሸንዳም መደቡ ላይ የሚያፈስ ከሆነ አሁኑኑ አዙሩት። በርሜል ወይም ሮቶ ካላችሁ እሱ ውስጥ ይግባ።

መቼ ነው የሚቆፈረው? ጥቁር አፈር በዚህ በጣም አስቸጋሪ ነው። ደርቆ ከሆነ ድንጋይ ነው፣ ዶማው ይመለሳል። ርሶ ከሆነ እግርሽ ላይ ተለጥፎ ይነሳል፣ ያኔ ከቆፈርሽው ጓሉ እንደ ጡብ ይደርቃል። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው። ትንሽ ዝናብ ጥሎ ሁለት ሦስት ቀን ሲያነፍስበት አፈሩን ጨብጪው። ሲጨበጥ ከተያያዘና በአውራ ጣትሽ ስትነኪው ከተፈረፈረ ያን ቀን ሥራ ትተሽም ቢሆን ቆፍሪ። እንደ ማካሮኒ ከተጠቀለለልሽ ግን ጠብቂ። ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ እግር አይውጣ። ልጆችም፣ ዶሮም። አንድ ጊዜ በእርጥቡ የተረገጠ ጥቁር አፈር እንደገና እስኪላላ ወራት ይወስዳል።

ብስባሹን በሚመለከት፣ እናንተ ያላችሁበት ቦታ የታደለ ነው። ገላንና ዱከም በኩል ከብት የሚያረባ ሰው ብዙ ነው፣ ፍግ ይገኛል። ትኩስ እበት ግን አታምጪ። ቢያንስ ሦስት አራት ወር የተከመረ፣ ሽታው የጠፋ፣ በእጅ ሲታሽ አፈር የሚመስል ይሁን። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ያመጣል። የቤታችሁን የአትክልት ልጣጭና ከጀበና የሚወጣውን የቡና አተላ አንድ ጥግ ላይ ከጭድ ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩ። አመድ ግን ጥቁር አፈር ላይ አትበትኚ። አመድ የሚጠቅመው አሲዳማ ለሆነው ለቀዩ አፈር ነው።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልመለስ። ያ የቀረው 1.7 ሜትር ላይ ለእናትሽ አንድ የብሎኬት መደብ ይሠራላቸው። ውስጡ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ርዝመት፣ ከፍታው ሦስት ረድፍ ብሎኬት ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር። ባለ 20 ብሎኬት ከሆነ በአንድ ረድፍ 20 ፍሬ፣ በጠቅላላ 60 ፍሬ ይበቃል። የውጭ ስፋቱ አንድ ሜትር ይመጣል፣ ከአጥሩ 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተርፋል። የላይኛውን ረድፍ ቀዳዳ በሲሚንቶ ድፈኑትና አለስልሱት። እናትሽ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ፣ ጎናቸውን ዞር አድርገው አረማቸውን ይነቅላሉ። እናቴም በመጨረሻ ዓመታቷ እንዲህ ያለ መደብ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው እዚያ ነበር። ስለዚህ እዚህች ላይ ገንዘቡን አትቆጥቡት።

ብሎኬቱን ግን በሲሚንቶ አታያይዙት። የሰፈራችሁን አጥሮች እዩ፣ ስንት ቦታ ተሰንጥቀዋል? ከሥር ያለው አፈር በክረምት ይነሳል፣ በበጋ ይወርዳል፣ በሲሚንቶ የታሰረ ቀጭን ግድግዳ ይሄን አይችልም። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ቀይ አሽ አልብሱና ጠቅጥቁ፣ ብሎኬቱን በደረቁ ደርድሩ፣ በቀዳዳው በኩል ማዕዘኑ ላይ አንዳንድ ፌሮ ወደ መሬት ምቱ። ቢነቃነቅም መልሶ ማስተካከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ውስጡን ስትሞሉ ከታች ጠጠር ወይም ቀይ አሽ አታንጥፉ። ውሃ ያሳልፋል እየተባለ በየቦታው ይመከራል፣ ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይልቅ የታችኛውን መሬት በዶማ አላሉትና አፈሩ ቀጥታ ከሱ ጋር ይገናኝ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ። ከአንድ ሜትር ኩብ ትንሽ ያልፋል። በአንድ ክረምት ወደ ታች ስለሚሰምጥ ለከርሞ ጥቂት ጆንያ ብስባሽ አስቀምጡ።

ለዚህችኛዋ ቀይ አፈር መግዛት ካማራችሁ ግዙ፣ ግን ሳይደፋ እዩት። ገላን ተከራይቼ ስኖር «ለም አፈር» ተብሎ አንድ መኪና አስደፍቼ ነበር። ላዩ ያምራል። ክረምት ሲገባ ከውስጡ እንግጫ በቀለ። እንግጫ ከሥሩ እንደ ፍሬ ያለ ትንንሽ እንክብል አለው፣ ስትነቅዪው እንክብሉ እዚያው ይቀርና ተመልሶ ይበቅላል። ሦስት ዓመት ለቀምኩት። ጠርሙስና ፌስታሉ ሌላ። ሻጩ አፈሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ከወንዝ ዳር ነው ካለ፣ በተለይ ከአቃቂ ወንዝ ዳር፣ ይቅርባችሁ። ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። የምትበሉትን ቆስጣ እዚያ አፈር ላይ አታብቅሉ።

ጎማና አጣና የሚጠይቁኝም አሉ። አጣና ርካሽ ነው፣ ግን እርጥብ አፈር ነክቶ ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚቆየው። እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው ብለው የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡት ነገር አትክልት አጠገብ ፈጽሞ አይሁን። ጎማውን ለአበባ አድርጉት።

አሁን በጋው። መደብን የሚያሞግሱ ሰዎች የማይነግሩሽ እዚህ አለ። ክረምት ላይ የሚያድንሽ ከፍታ ጥር ላይ ይጎዳሻል፣ ምክንያቱም ከፍ ያለ አፈር ቶሎ ይደርቃል። በደረቁ ወራት አንድ ካሬ አትክልት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። አራቱ መደቦች 16.8 ካሬ ናቸው። በቀን ወደ አራት ጀሪካን! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን ማን ይችለዋል? ስለዚህ በበጋ ሁለቱን ብቻ አልሚ፣ ሁለቱን ጭድ አልብሰሽ አሳርፊ። የምታለሚያቸውን ደግሞ ቅርጻቸውን ቀይሪ። ጥቅምት ላይ የመደቡን ራስ መሐሉን ትንሽ ዝቅ አድርጊና ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ አውጪለት፣ እንደ ትሪ። የምታጠጪው ውሃ ወደ ጎን ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋል። ላዩን በጤፍ ጭድ ጎዝጉዢው። ጉዝጓዙ ውሃ ከመቆጠቡ በላይ ጥቁሩ አፈር እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል፣ ስንጥቅ ሥር ይበጥሳልና። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን አትጎዝጉዢ፣ ዘር እንዳይበቅል ያፍናል። ሰኔ ሲገባ ጠርዙን አፍርሺና መደቡን መልሰሽ አጉብጪው።

ዘንድሮ ምን ትከዪ ካልሽኝ፣ ሰኔ ላይ ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት አራቱ መደብ ላይ ይሂዱ። ካሮት ጥቁር አፈር ውስጥ ሹካ እየሆነ ይወጣል፣ ስለዚህ እናትሽ ጋ፣ ከሰላጣና ከበሶብላ ጋር ይሁን። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል እርጥብ እግር አይወዱም፣ የብሎኬቱ መደብ ጫፍ ላይ ስጫቸው። ቲማቲም በክረምት አትሞክሪ፣ ችግኙን ነሐሴ መጨረሻ አፍልተሽ ዝናቡ ሲያባራ አዛውሪው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲበርድ ማታ ጆንያ ጣል አድርጊበት።

ይሄን ሁሉ ያልኩት ለጥቁር አፈር ነው። ቡራዩ፣ ካራ፣ እንጦጦ ሥር ያላችሁ ቀይ አፈር ያላችሁ ሰዎች ይሄን አይታችሁ መደብ ማንሳት እንዳትጀምሩ። ያ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ብስባሽ ጨምራችሁ መሬቱ ላይ ትከሉ። ተዳፋት ከሆነ እርከን ሥሩለት።

አቮካዶው ቀረ። ሳጥን ውስጥ አትትከዪው፣ ሥሩ ይጠበዋል። ጠፍጣፋ ጥቁር መሬት ላይም አትትከዪው፣ ከዚህ ሁሉ አትክልት ይበልጥ ውሃ የተኛበት ቦታ የሚጠላ እሱ ነው፤ ለመሞት አንድ ክረምት ይበቃዋል። ከኋላው ጓሮ አትክልቱን ስለሚያጠላበት ፊት ለፊት ያለው ግቢ ቦታ ካለው እዚያ ይሻላል፣ ከቤቱ አራት አምስት ሜትር ርቆ። ግማሽ ሜትር ከፍታና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሥሩለት፣ መሬቱን ከሥር አላልታችሁ። ችግኙን ጉብታው ራስ ላይ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከዪው፣ ግንዱ አፈር አይልበስ። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድደሽ አውጪው እንጂ ችግኙን ጎትተሽ አታውጪው። ሰኔ አጋማሽ ላይ አፈሩ ትንሽ ሲርስ ይደርስላችኋል፤ እስከዚያ ጥላ ሥር አስቀምጪውና በሦስት ቀን አንዴ አጠጪው።